ገጽ ሃያ ሁለት

ሃያ ሁለት ገጽ ቅጽ፣ አንድ ሰማያዊ ብዕር
ይዤ ከታራዋ ተነሣሁ፣ ማራኬይ ላይ ላድር።
ጠርዙን ጨው በልቶታል፣ ማኅተሙ ደብዝዟል፤
«የቤተሰብ ፍጆታ» የሚለው ግን ጎልቷል።

ኔይ ማሬዋ ምንጣፍ ዘረጋችልኝና
ወደ መረቧ ተመለሰች፣ የተቀደደውን ልትጠግን እንደገና።
«በይ ጀምሪ» አለችኝ።

«ሩዝ?» «ሁለት ከረጢት።» «ስኳር?» «መርከብ ሲመጣ።»
«መርከብ ሲዘገይስ?» «ከኮኮናቱ አናት የሚቀዳ መች ታጣ?»
«ዱቄት?» «በዱቤ ነው፤ ቤንያሚና ሱቅ ደብተሩ ላይ አለ፤
ሳሙናም እዚያው ነው፤ የጀልባው ነዳጅም እዚያው ዋለ።»
«ትንባሆ?» ሳቀች። «እሱንስ አትጻፊ፤
ቄሱ ያዩብኛል።»
ጻፍኩት። እያየችኝ ነበር፤ ግን አላለችም አጥፊ።

«ዓሣ?» «በየቀኑ።» «ዋጋው ስንት ይሆን?»
«የቱ ዓሣ?» «የበላችሁት።» «ባሕሩ ሒሳብ አልጠየቀን።»
መመሪያው ግን ይላል፦ ያልተገዛ ሁሉ በገበያ ይተመን፤
ተመንኩ። ለቱና ይህን ያህል፣ ለበራሪው ዓሣ ይህን።
ገበያ በሌለበት መንደር ገበያ ከፈትኩ በብዕር፤
ዋጋ ጅራቱ ላይ የታሰረ ዓሣ ዋኘ በሠንጠረዥ ባሕር።

ደግሞ ቡቡሲ አለ፦ ዘመድ ደጅ ቆሞ «ስጪኝ» ካለ
አይከለከልም፤ የከለከለ ሰው ስሙ ይዞራል በየደጁ
እንደ ባዶ ኮኮናት በማዕበል እየተንከባለለ።
«ፋኖሴን ለባሌ እኅት ሰጠሁ፤ የልጇን ድስት ደግሞ
እኔ አመጣሁ።»
አሁን የሚፈላው እሱ ነው፣ ፍም ላይ ቆሞ።
ይህ የቱ ረድፍ ነው? ስጦታ? ብድር? ኪሳራ?
«ሌላ» የሚል ሳጥን አገኘሁ፤ የጣት ጥፍር የምታህል ስፍራ።

«ገቢስ?» አልኳት። መርፌዋ ከመረቡ መሐል ቆመ።
«ገቢማ ቶካታኬ ነው፤ በጀርመኖች መርከብ ላይ፣ ዓመት አልፎት ደገመ።
በየወሩ ይልካል፤ አንዳንዴ ሁለት መቶ፣ አንዳንዴ መቶ ሃምሳ።»
«ወጪስ?» አልኩ፣ ብዕሬን ሳላነሣ።
«እሱው ነው» አለችኝ።
«ከዚህ ቤት የወጣ ሌላ ምን አለና?»

ደመርኩ፣ ቀነስኩ፤ በሁለቱም ዓምድ አንድ ስም።
ቢቀናነስ ዜሮ ይመጣል፤ ዜሮ ግን
ነጠላ ጫማውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አይሄድም።

ሊመሽ ሲል፣ ገጽ ሃያ ሁለት ላይ፣ ፊርማዋ ብቻ ሲቀር፣
እጇን ዘረጋች። «የአያትሽ ወንድም የእናቴ አጎት ነበር፤
ዘመዴ ነሽ» አለች። «ለልጄ የምጽፍበት አጣሁ፤
ብዕሩን ስጪኝ።»
ምን ላድርግ፣ ያገሩ ልጅ ነኝ፤ ሰጥቼ ወጣሁ።

የብዕሩ ዋጋ አንድ ዶላር ከሃያ ሳንቲም ነው፤
«ሌላ» ውስጥ እንዳላሰፍረው፣ በምን ልጻፈው?