ወፍ የለም

ከፍር ነዳ ጓሮ የለም፤
መሬቱ ሁሉ የሩዝ ነው፤ ለሰው የተረፈ የለም።
ስለዚህ ጓሮው ጣራ ላይ ወጣ፣
በሸምበቆና በአሮጌ በር ታጠረ፣
ከሳተላይት ሳህኑ ሥር የዳክዬ መንጋ ሰፈረ።

ኢንሺራህ በየማለዳው መሰላሉን ትወጣለች፣
ደረቅ ዳቦ በውሃ ነክራ፣
አሥራ አንዱንም አንድ ባንድ ቆጥራ።
አሥራ አንድ ማለት የማቀዝቀዣ ቀብድ ነው፣
ለረሻ ሠርግ የጎደለ ዕቃ፣
ለባል ያልተነገረ ቁጠባ፤ ክንፍ ያለው፣ ላባ የለበሰ፣
በየንጋቱ ወለዱ ጭድ ላይ ሞቆ የደረሰ።

ሰኞ የዘኪያ ዶሮዎች አናታቸው ወይን ጠጅ መሰለ፤
ማክሰኞ አንገታቸው ተጠመዘዘ፤ ረቡዕ ቆሞ የዋለ የለ።
ሐሙስ ነጭ ለባሾች መጡ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ፣
ጥቁር ፌስታል በእጃቸው፣ በርሜል ኖራ ፒካፕ ላይ።
"ካሣ አለው?" ይላል ሰው።
"ይጠየቃል" ይላሉ።
ይጠየቃል ማለት ምን እንደሆነ ያልገባው ሰው
ከፍር ነዳ አልተወለደም።

ኢንሺራህ ቀድማ ሰምታለች።
ሁለት ሁለቱን በትራስ ልብስ፣ ምንቃራቸውን ጨብጣ፣
አወረደቻቸው በሩ ወደሚዘጋው ክፍል፣
ሸሃታ ወደሚተኛበት፤
ሞት እንዲንቀው "ለማኝ" ብላ ስም ያወጣችለት ልጅ።
አልጋው ሥር ካርቶን አነጠፈች፤ ሬዲዮኑን ጮክ አደረገች፤
ደጃፍ ቆማ ላቧን በሻሿ ጠረገች።

"ወፍ አለ?"
(በእነሱ አፍ ዶሮም ዳክዬም ወፍ ነው።)
"ወፍ የለም።"
ጠያቂው ወጣት ነው፣ ጓንቱ ሰፍቶታል፤ ዜሮ ጻፈ።
በዚያ አገር ዜሮ ነጥብ ናት፤ አንዲት ፍሬ ጥሬ ታህላለች።
አመሰገነና አለፈ።

ሌሊት ሸሃታ ከአልጋው ጫፍ እጁን ሰደደ፤
ልስልስ ነገር ነካ፤ ሙቅ፣ የሚተነፍስ።
ሳቀ። ለአንዷ "ኑና" ብሎ ስም አወጣ።
በሦስተኛው ቀን ኑና መብላት ተወች፣
እንቅልፍ እንደጣለው ተማሪ ራሷን ትነቀንቃለች።
ደረቱ ላይ አቀፋት። ውሃ በአፉ አጠጣት።
ለበረደው ነገር እፍ ይባላል፤
እናቱ ያስተማረችው ይህንኑ ነው።

እኛ አገር "የወፍ በሽታ" የምንለው ዓይን ያቢጫል፤
ወፏ ግን የለችበትም፣ በስሟ ብቻ ታማች።
ይህኛው ወፏ አለችበት። ጉንፋን መስሎ ይገባል፣
እንደ ጨዋ እንግዳ ጫማውን ደጅ አውልቆ፤
ሳንባ ላይ አንዴ ከተቀመጠ ግን
ባለቤቱን "ውጣ" ይለዋል።

ታንታ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት። ሐኪሟ ደክሟታል።
"ቤታችሁ ወፍ አለ?"
ኢንሺራህ ረሻን አየች፤ ረሻ መሬት መሬት።
ማቀዝቀዣው በዓይኗ ዞረ፤ ቅጣቱ፤ ባሏ፤
"እሷ ናት ያመጣችብን" የሚለው የዘኪያ ድምፅ።
"ወፍ የለም።"
የሳል ሽሮፕ ተጻፈ።

ሁለት ቀን በዚያ ቃል አለፈ።
በሦስተኛው የልጁ ከንፈር
የዘኪያን ዶሮዎች አናት መሰለ።
ያኔ ማንም ሳይጠይቃት፣ ኮሪደሩ መሀል
የጽዳት ሠራተኛዋን ክንድ ይዛ
"አሥራ አንድ" አለች፤ "አሥራ አንድ ነበሩ። አልጋው ሥር።
አራት ሞተዋል። ልጄ ያቅፋቸው ነበር።"
መጥረጊያው ወደቀ። ሰው ሮጠ።
መድኃኒቱ መጣ፤ መዘግየቱን ማንም አልካደም።

ወጣቱ ተመልሶ መጣ በዚያው ሰፊ ጓንት፣
ካርቶኑን፣ ፍራሹን፣ የትራሱን ልብስ አቃጠለ፤
ነጥቧን በእስክሪብቶ ሰረዘ።
ለመዝገቡ ብሎ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ ደግሞ ጠየቀ።
"ወፍ የለም" አለች።
ይህችኛዋ እውነት ነበረች።

ሸሃታ ገና በቱቦ ይተነፍሳል።
ዛሬ ማለዳ እግሯ ከልማዱ መሰላሉን ወጣ፣
እጇም የተነከረ ዳቦ ይዞ።
ኖራው ነጭ ነው፤ ጣራው ጭር።
ስትበትነው ግን ከሩዙ ማሳ ድንቢጦች መጡ፣
ያልተቆጠሩ፣ ማንም ያልመዘገባቸው።
"ሽሽ!" ልትል አፏን ከፈተች፤
ቆማ ቀረች።