ድርና ድሮ

ኪርዩ ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ማዶ ላይ፣
ጥርሱን እንደ መጋዝ ያገጠጠ ለሰማይ
አንድ ፋብሪካ አለ።
መስኮቱ ወደ ሰሜን፤ ፀሐይ አይመታውም፣
ብርሃን ግን አያጣም፤
ሐርን ከሐር ለመለየት የረጋ ብርሃን ይሻላልና።

ማሽኖቹ ተሸጡ። የቀረው ወለሉ፤
የብሎን ጉድጓዶች፣ አራት አራት ሆነው፣
ሲሚንቶው ላይ አሉ።

ማዶካ መጣች፣ ክር በካርቶን ጭና፣
መሰላል ተውሳ ከእሳት አደጋ ሠፈር፤
ሦስት ሳምንት ሙሉ ከምሰሶ ምሰሶ
ነጭ ክር ስትወጥር፣
ስታስር፣ ስትፈታ፣ ደግሞ ስታስር።
«ማን ሊለብሰው ነው ይሄ?» አለ ጥበቃው።
«ቤቱ ይልበሰው» አለችው።

በቀን ብትገቡ ምንም አታዩም፤
አቧራ ይመስላል፣ ወይም የዓይን ሞራ።
ሲመሽ ግን ሐዲድ ላይ አንዲት መብራት ትሄዳለች፣
እንደ መወርወሪያ፣
ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ።
ያኔ አየሩ ይሸመናል፤
ግድግዳው ይርቃል፣ ጣሪያው ይተነፍሳል፤
ድሩ ክር ነው፣ ማጉ ብርሃን ይሆናል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እሰማ ነበር።
እዚህ አንበሳ የለም፤
ባዶው ነው የታሰረው፤
ባዶም ቅርጽ እንዳለው ያን ማታ አየሁ።

ሺጌኖ መጣች፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት፣
አርባ ዓመት በዚህ ቤት
ማሽን ቁጥር አሥራ ሰባት ፊት የቆመች።
ጆሮዋን የማሽኑ ጩኸት ወስዶታል፤
ልጇ ክንዷን ይዞ «ሥነ ጥበብ ነው፣ እማ!» ብሎ ቢጮህም
አልሰማችም።
ቀና ብላም አላየች። ወለሉን አየች፤
አራቱን ጉድጓዶች በእግሯ ዳስሳ ፈለገች፣
አገኘች፣
ቆመች።

ከዚያ እጇ አየ፣ ዓይኗ ሳይሆን እጇ፣
አንድ የተበጠሰ፣ የተንጠለጠለ ክር።
ማዶካ ሆን ብላ የተወችው ነበር፤
በሩ ላይ ተለጥፏል ስለ እሱ የሚያወራ፦
«የሄዱትን ሠራተኞች ያስታውሳል»።
ሺጌኖ መነጽሯን እንኳ አላወጣችም፤
ጫፍና ጫፉን ምራቅ አስነክታ፣
በአውራ ጣቷ አዙራ
ቋጠረችው።

ጥበቃው ሮጠ። ልጇ አንገቱን ደፋ።
ማዶካ እጇን አነሳች፦ «ተዉአት»።

መብራቷ ዞራ ስትመለስ
ሺሁን ክር እንደ ልማዷ እያበራች አለፈች፤
ቋጠሮው ላይ ግን ስንዴ የምታክል ብርሃን
ትንሽ ቆየች።

ድሮ ከድር ተፈትሎ ይሆን፣ ወይስ ድር ከድሮ፣
አላውቅም።
ሺጌኖ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣
ፈረቃው እንዳለቀ ሰው፤
በሩ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ፣
የሌለ ማጥፊያ ተጫነችና
ወጣች።