ሙጫ በዱቤ

ስሜ ተርፋሳ ነው፤ ትርፍ ያለበት ስም፣
ሒሳቤ ላይ ግን ትርፍ ታይቶበት አያውቅም።
ከአቃቂ ወዲያ፣ ቱሉ ዲምቱን አልፎ፣
በቆርቆሮ ቢሮ፣ በሩ ላይ «ማዘጋጃ» ተጽፎ፣
አሥራ ሰባት ዓመት የካዝና ቁልፍ ያዝኩ፤
ከጥር ወዲህ ግን አየር ስቆልፍ ከረምኩ።

ወንዙ ላይ ቆመዋል ሁለት የኮንክሪት እግሮች፣
ድልድይ ተሸከሙ ተብለው የተረሱ ሎሌዎች።
ሥራ ተቋራጩ ክፍያ ቢዘገይ
ማሽኑን ጭኖ ሄደ፤ ደብዳቤው ግን ይመጣል፣ በላይ በላይ።
ዕዳው ወለድ አለው፤ ወለዱም ይወልዳል፣
ክረምት የተጻፈው በበጋ አያት ሆኗል።
የመንገዱ መብራት ተቆርጧል በዕዳ፤
ጨረቃ ብቻ ናት ያለ አበል የምታድር ከሜዳ።

«ብድር በምድር ነው» ይባል ነበር ድሮ፤
ከንቲባችን ግን ቃል በቃል ፈታው ዘንድሮ፤
ለባንኩ ሊከፍል መሬት ሸነሸነ፣
የአቶ ዋቅቶላ ጤፍ ማሳ «ሎት ቁጥር ዘጠኝ» ሆነ።
ጨረታው ሲከፈት ሁለት ሰው ቀረበ፤
አንዱ ተሳስቶ ነው፤ አንዱ ዋጋውን አነበበና ዣንጥላውን ሰበሰበ።
ማሳው ጤፍ አላበቀለ፣ ፎቅም አላበቀለ፤
የድንበር ችካል ብቻ ቆሞበት ይኸው አለ።

ደመወዝ ካየሁኝ ይኸው ሦስተኛ ወሬ፤
ደመወዝ ራሱ ሆነ የሰፈር ወሬ።
ዘይትና ሳሙና፣ ዳቦም ለልጆቼ
ከሽታዬ ሱቅ ነው፣ በዱቤ አውጥቼ።
የደብተሯን አንድ ገጽ ጥግ ድረስ ሞልቻለሁ፤
ስሜም አልዋሸም፤ ወደ ሌላው ተርፌያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ኃላፊዬ ጠራኝ፣
«ገቢ ማሳደጊያ» ብሎ ወረቀት ሰጠኝ።
ግብር ያልከፈለ ሱቅ ይታሸግ ይላል፤
የመጀመሪያው መስመር ላይ «ሽታዬ» ተጽፏል።

ሄድኩ። በሯ ላይ ቆምኩ። ወረቀቱን አየች።
ስንት ነው ግብሬ ብላ እንኳ አልጠየቀች።
ፊርማውም አለበት፣ ማኅተም አርፎበታል፤
ሙጫ ብቻ የለም፤ የጽሕፈት ዕቃ በጀት በጥር አልቋል።

«ሽታዬ» አልኩና ድምፄ ተቆረጠ፤
«ሙጫ ይኖርሻል?»
እጇ እንደ ልማዱ ወደ መደርደሪያው ሮጠ።
አንድ ሙጫ ሰጠችኝ፤ ደብተሯንም ገልጣ፣
በኔ ስም ሳይሆን፣ አዲስ ገጽ መርጣ፣
ጻፈች ረጋ ብላ፣ እያየሁ፣ ካጠገቤ፦
«ማዘጋጃ ቤት። ሙጫ፣ አንድ። በዱቤ።»