አንድ እግር ጫማ

ሃያ ሁለት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነዳሁ፣
በኪልኦርና ጠመዝማዛ ዳገት ወጣሁ፣ ወረድሁ፤
በደጄ ያለችውን ቅድስት ግን በዓመት አንዴ ነው ያስታወስሁ።

ኦርና ይሏታል፤ አሻጋሪ ነበረች፣ ጀልባ ቀዛፊ፣
በደሴቱና በአየርላንድ ዳርቻ መሀል ሰው አሳላፊ።
አንድ የክረምት ሌሊት፣ ነፋስ በዐለቱ ስንጥቅ ሲያፏጭ፣
እግሩ የደማ መንገደኛ አገኘች፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ።
ካላት ጥንድ ጫማ አንዱን ፈትታ ሰጠችው፤
"በል ተነሥ፣ ሁለታችንም እናነክስ" አለችው።
ሁለቱንም ብትሰጠው፣ ይላሉ ሽማግሎች፣ ምጽዋት ይባል ነበር፤
አንዱን ስለሰጠችው ግን መንገድ ሆነ፣ አብሮ መሻገር።

እናም ግንቦት ላይ፣ ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው ሲሰጣ፣
መንደሩ አንድ እግሩን ተጫምቶ፣ አንዱን ባዶ ይወጣ።
ፖስተኛው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ነርሷ፣ ባለ ሱቁ፣
እያነከሱ፣ በካፊያው እየሣቁ፣
ጣሪያ አልባ ወደሆነችው የደሴቱ ጸሎት ቤት።
እኔ? ማሞቂያዬን ከፍቼ አውቶቡሴ ውስጥ፣ እስኪመለሱ ድረስ ሰዓት።

ዘንድሮ መምህርት ብሮና አዲስ ነገር አመጣች፤
"በዓል በባንዲራ ብቻ አይከበርም" አለች።
ሦስተኛ ክፍሎች ከካርቶን ጀልባ ሠሩ፣
አምስተኛዎቹ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ቆጠሩ፤
ለቴያትሩ ሁሉም "ኦርና እኔ ነኝ" እያሉ ተጣሉ፣
ለማኙን የሚሆን ጠፋና በዕጣ ይሁን ተባባሉ።
መተላለፊያው ላይ ቅርጫት ቆመ፤ ከላዩ ጽሑፍ፦
"ጥንድ ጫማ አምጡ፤ የጠበባችሁ ለሌላው ይትረፍ።"

ሐሙስ ጠዋት ካሃል ተሳፈረ፤ ጉያው ውስጥ ጥቅል፤
ኋላ ወንበር የሚወድ ልጅ፣ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ምንም ሳይል።
ቅርጫቱ ዘንድ ጋዜጣውን ፈታው፦ አንድ ቦት፣ የትልቅ ሰው፣
ጨው ነጭ ካርታ የሳለበት፣ ማሰሪያው የተበጠሰው።
"ነጠላ ጫማ!" ብሎ አንዱ ሣቀ፤ ሌላውም ተከተለ፤
ከዚያ አንዷ አወቀችው። ሣቁ ከየአፉ ላይ ከሰለ።

የአባቱ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጀልባዋ ከነሰዎቿ ስትቀር፣
ባሕር የመለሰው ይህን ብቻ ነበር።

"የኔ ልጅ፣ ይህንስ ቤት አቆየው" አለች ብሮና፣ በሹክሹክታ።
"ኦርናስ የሰጠችው አንድ አይደል?" አላት፣ ሳያመነታ።

አንድ እግር ጫማ ለማን ይሰጣል?
ማንም አልመለሰ። ቅዳሜ ጭኜ ወሰድኩት፣ ከነቅርጫቱ፣ ከነልጆቹ፣
ወደ ኮረብታው፣ ወደ አረጋውያን ቤት፣ ባሕር ወደሚያዩት መስኮቶቹ።

ሎርካን መረብ ጠጋኝ ነበር፤ ግራ እግሩን ስኳር ወስዶበታል፤
ጫማ ሲታደል ፊቱን አዙሮ ግድግዳውን ያያል።
ካሃል ቦቱን ይዞ ሄደ። የቀኝ ነው። አጠለቀለት። ሰፋው።
ልጁ ያንኑ ጋዜጣ ጨምድዶ በጣቱ አፍንጫው ውስጥ ከተተው።
ሽማግሌው አላመሰገነም። "የማን ነው?" አለ ብቻ።
"የአባቴ።" ዝም አሉ። የሰዓቱ ድምፅ ብቻ።
"የሱን መረብ እኔ ነበርኩ የምሰፋለት" አለ ቆይቶ፤
"ክር ይቆጥባል፤ ቋጠሮው ግን ጠንካራ" አለ፣ ጉንጩን በእጁ ዳብሶ።

በበዓሉ ቀን የተሽከርካሪው ወንበር ጎማ አሸዋው ውስጥ ሰጠመ፤
ስድስት ሆነው አነሡት፤ ሰባተኛ ትከሻ ጎደለ፣ ጉዞው ቆመ።
እኔን እግር ጥሎኝ ከጎናቸው ነበርሁ።
የግራ ጫማዬን ከመሪው ሥር ትቼ ገባሁ።
ውርጩ! ቀንድ አውጣው! አረሙ እንደ ሳሙና ሲያዳልጥ!
ሃያ ሁለት ዓመት በመስታወት ሳየው፣ እንዲህ አይመስለኝም ነበር፣ እንዲህ ሲቆረጥም፣ ሲልጥ።

ስንመለስ፣ መሀል መንገድ፣ "አውርዱኝ" አለ ሎርካን፣ "ለጥቂት"።
በሁለት ሰው ተደግፎ ቦቱን ረገጠው፣ አጥብቆ፣ አንዲት ርግጫት።
ካሃል ባዶ እግሩን ከጎኑ አሳረፈ።
ከዚያ ባሕሩ መጣ፤ ሁለቱንም ዱካ ሞልቶ አለፈ።
ጫማውን አልነካውም።
እኛም ፈጠን አልን፤ ውኃው ማንንም አይጠብቅም።