የአያት ስም

ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሊፍቱ ተበላሽቶ ሁለት ክረምት ሲያይ፣
ስም መዝጋቢ ነኝ።
ሰው ደረጃ ወጥቶ፣ ትንፋሹን ቆጥሮ፣
ስሙን፣ ያባቱን፣ ያያቱን ደርድሮ፣
ማኅተም አስመትቶ ይሄዳል ተመልሶ፤
ከሦስት ወዲያ የለም፣ ቅጹ ያልቃል እዚያ ደርሶ።

ማክሰኞ ግን አንዲት ሴት፣ ሐረገወይን የምትባል፣
«ያባት ስም?» ስላት «ሄሬራ» አለችኝ።
«ያያትስ?»
«ሄሬራ።»
«እህቴ፣ ያባትሽንማ ጻፍኩት፤ ያባትሽን አባት ነው።»
«እሱም ሄሬራ ነው፤ የሱም አባት፣ የዚያም፣
አክስቶቹ ሳይቀሩ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።
የኛ ስም ዱላ ቅብብል ነው፤ አባት ለልጅ ያቀብላል፣
ልጅም ለልጁ፣ ሦስተኛው እጅ ላይ ይወድቃል።
የነሱ ባሕር ተሻግሮም እግሩን አያመውም።

«እናቴ ነርስ ነበረች፤ በሰባ ዓመተ ምሕረት
የአንዱን ኩባዊ ቁስል ስትጠርግ ደረቱ ላይ አየችው፣
በክር ተጠልፎ። የፊተኛ ስሙን አታውቀውም፤
ሁሉም ‹ኮምፓኜሮ› ነበር የሚሉት።
ትግላችን ሐውልት ሥር ከነዚያ ፊቶች መሀል
አፍንጫዬን ፈልጌ፣ ፈልጌ፣ ደከመኝ።
ሃቫና ጻፍኩ፤ ከዚሁ ከማዶው ፖስታ ቤት።
በስድስተኛው ወር መልስ መጣ፦ ‹የትኛው ሄሬራ፣ እህታችን?
በኛ መንገድ ብቻ አሥራ አንድ ቤት አለ፤
ዳቦ ጋጋሪው ሄሬራ፣ ዳኛው ሄሬራ፣
ዳኛው የፈረደበት ሌባም ሄሬራ።›»

ሳቀች። ሳቅኩ። «ትርጉምስ አለው?»
«የብረት ማቅለጫ ማለት ነው አሉኝ፣
ፒያሳ ያሉ አንድ ሽማግሌ አስተማሪ።
በስፔን ወናፍ የነፋ መንደር ሁሉ እንዲያ ተባለ፣
ከመንደሩ የወጣም መንደሩን ለብሶ ሄደ።
እንግዲህ የቀጥቃጭ ዘር ነኝ!» አለች፣
ሹመት እንደሚያወራ ሰው።

ቀጥቃጭ።
እኛ ቤት ይህ ቃል በር ተዘግቶም አይነሳ።
አባቴ ሰባት ቤት ሲያስቆጥረኝ፣ ጣቴን በጣቱ ይዞ፣
አራተኛው ላይ ሲደርስ ይዘላል፣ ድምፁ ፈዞ።
ካደግኩ በኋላ ነው የሰማሁት፦
ማረሻውን ይወስዳሉ፣ እጁን ግን አይጨብጡ፤
በማጭዱ ያጭዳሉ፣ ከማዕዱ አይቀመጡ።
ቢረሳው ነበር ስሙ። ተረሳም።

ወዲያ ማዶ ግን የዚያው ምድጃ ጥላሸት
የዳኛ ስም ሆኗል፤ ማንም አልታጠበውም።

ሄሬራ፣ ሄሬራ ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ነገ ይቆጣ።
የማኅተሙን ብረት ከወትሮው ከፍ አድርጌ መታሁት፤
ጠረጴዛው ጮኸ፣ እሷም ደነገጠች።

ማታ፣ ከለገሃር በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ጉልበቴ ላይ በጣቴ
ሰባት ቤት ቆጠርኩ፤ አራተኛው ላይ አልዘለልኩም።
ረዳቱ «ሒሳብ የቀረ አለ?» ብሎ ወደ ኋላ ሲጮህ
«አለ» አልኩት፤ «የቢረሳው።»