ድምፄን ስሰጥ

ሞተሩ ሲያስል ነው፣ ጀልባው ሳይደርስ ከዳር፣
ጩኸት የምጀምር ከጣና ጭጋግ ጋር።
«ቀረሶ! አምባዛ! ያደረ አይደለም!»
ባሕር ዳር ላይ ይህን ድምፅ የማያውቅ የለም።
ሃያ ሁለት ዓመት ሚዛኔን ይዤ፣
የኖርሁት በዚህ ነው፣ ጉሮሮ ነግጄ።

ልጅ ሳለሁ፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣
«እንቅርት እንዳይወጣት» ብላ እናቴ
ነቃሿን አስጠራች። ሁለት አክስት እጄን፣
ጎረቤት ተጠርታ ተጭናኝ እግሬን፣
አንገቴ ተወጋ፣ ጥላሸት ተቀባ፤
ማን ጠየቀኝ ያኔ? ማንስ ሰማኝ ሳነባ?
ንቅሳቱ ዛሬም አለ፣ ሦስት ረድፍ ሰማያዊ ጌጥ፤
እንቅርቱም ከሥሩ በቀለ፣ ጌጡን ሲለጥጥ።

ሎሚ ነበር፣ ብርቱካን ሆነ፤ ሻሼን አስረዘምሁ፣
በጀርባ መተኛት ትቼ በጎን ለመድሁ።
ዘንድሮ በጎንም ትንፋሼ እምቢ አለ፤
ወንድሜ አንማው ባጃጅ ይዞ መጣ፣ ሆስፒታል ተባለ።

ዶክተሯ ልጅ ናት፤ የመጨረሻዬን ታክላለች።
ወረቀት ላይ አንገት ስላ ታሳየኛለች፦
«እጢው ይህ ነው፤ ይወጣል። ይቺን ክር ግን ይዩልኝ፣
የድምፅ ነርቭ ናት፤ እጢውን ታክካ ታልፋለች።
ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ላይ ትጎዳለች፣ ድምፅ ይሰልላል።
ኪኒኑም ዕድሜ ልክ ነው። ቢተዉት ደግሞ
የአየር ቧንቧዎ እየጠበበ ይሄዳል።
እንግዲህ ይምረጡ።»

ይምረጡ! እኔ ሰው ዓሣ አስመርጣለሁ እንጂ!

አንማው ቀደመኝ፦ «ምን ታውቃለች እሷ?
ያሻዎን ያድርጉ፣ እርስዎ ነዎት ሐኪሟ።»
እኔም እንዲያው ልል ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ።
እሷ ግን እስክሪብቶውን ከአንማው እጅ ወስዳ
ጠረጴዛው ላይ፣ በእኔ በኩል አስቀመጠችው።

ተናደድሁ። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድሁ።
እንደ ነቃሿ እጄን አስይዛ ለምን አትገላግለኝም?
ነገ ድምፄ ቢጠፋ እንዳልረግማት ነው?
የተማረችው እሷ፣ የምትጨነቀው እኔ!
በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው።

ወረቀቱን አጥፌ፣ ጡቴ ሥር ሸጉጬ፣
ወደ ጣና ወረድሁ፤ ዋርካው ሥር ተቀምጬ
አነበብሁት። የማታ ትምህርት አራተኛ ደርሻለሁ።
ሦስት ቃል አልገባኝም፤ ዱቤ በምጽፍበት እስክሪብቶ ከበብኋቸው።

የዘጌ ጀልባ ትኬት ቆራጩ አዱኛው
አምና ኦፕራሲዮን ሆኗል፤ ሄጄ ጠየቅሁት።
ሹክሹክታ ነው የቀረለት፤ ጆሮዬን አስጠጋሁለት።
«ሌሊት እተኛለሁ» አለኝ።
«ተሳፋሪ አልሰማኝ ቢል ፊሽካ ገዛሁ።»
ከደረቱ አውጥቶ ነፋት፤
ወፎቹ ከደንገሉ ብን አሉ።
ሳቀ፤ ሳቁ ድምፅ የለውም።

ሐሙስ ተመለስሁ። ሦስቱን ቃል ጠየቅሁ፤
አንዱን ሁለት ጊዜ፤ አላፈርሁም።
ስንት አንገት እንደከፈተች ጠየቅኋት፤
ቆጥራ ነገረችኝ፤ የተበላሸባትንም አልደበቀችኝም።
አንማው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

እስክሪብቶውን ሳነሳ
ያቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቀና ብላ አየች መሰለኝ፤
እጄን ማንም አልያዘውም።
በምርጫ ቀን ጣት ቀለም ነክረው ድምፅ ይሰጣሉ፤
እኔ በተራ ሐሙስ፣ መድኃኒት በሚሸት ክፍል፣
በድምፄ ጉዳይ ድምፄን ሰጠሁ።
ጣቴ አልቀለመም፤
ላብ ግን ነበረው።

ቀጠሮው ሰኞ ነው። ዛሬ ገና ቅዳሜ፣
ከጭጋጉ መሐል፣ ከዳር ላይ ቆሜ
ሞተሩ ሲያስል እሰማለሁ።
ፊሽካ ገዝቻለሁ፤ ደረቴ ላይ ውላለች፣
ማን ያውቃል፣ ከሰኞ ወዲያ ታስፈልገኝ ይሆናል አለች
ልቤ።
እስከዚያው ግን፣
«ቀረሶ! አምባዛ! ያደረ አይደለም!»