ያልወጣ ደብዳቤ

አለቃችን መጣ፣ ጠረጴዛ ነካ፤
«የሮቢት ቆጣሪ ዛሬም አልተለካ!
ለይማም ሙሄ ጻፍ፣ ማስጠንቀቂያ አንድ፤
እንዲህ ያለ ሰነፍ ከፊታችን ይሂድ።»

«ጉዳዩ፦ ስለ ስንፍና» ብዬ ጀመርኩና
ብዕሬ ተገታ፣ ቃሉ ጠበበኝና።

ሰነፍ ይሉታል ወይ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ
ደብተሩን ሸጉጦ ሽቅብ የሚነጉድ፣
ጭቃውን ከጫማው በስንጥር ፍቆ
ከጉም ጋር እኩል ጦሳ ሥር ዘልቆ?
ሰነፍማ አጎቴ ነው፣ ስምንተኛን ደጋግሞ
የመምህሩ ልጅ ደርሶበት ያለፈው ቀድሞ።

ሰረዝኩት።

ዘገምተኛ ልበል? ደሴ ላይ ማን ሮጠ?
ባጃጁም ዳገት ላይ ትንፋሹ ተቆረጠ፤
ከአዝዋ ገደል ጉሙ በዳዴ ነው የሚወጣ፣
ሰኞ የላኩት ሰው ሐሙስ ነው የሚመጣ።
ማዝገም ካስከሰሰ፣ ወረቀት ይታደል፤
አንዱ ግልባጭ ለጦሳ፣ አንዱ ለገደል።

ልግመኛስ? ልግም እኮ ብልጠት ይፈልጋል፤
ቀንበር ያየ በሬ ታሞ ይዘረጋል፣
ጭድ ሲሸተው ደግሞ ተነስቶ ያገሳል።
ይማም ምን ሸሸገ? ያለው ጉልበት ይኸው፣
ዳገት ላይ ነው ያለቀው።

እንዝህላል? ድርቆሽ ላይ ክብሪት ጥሎ ሄዶ
«ጉም ነው» የሚል ሲጨስ፣ ጎረቤቱ ነዶ።
እሱም አይሆንም።

ዝንጉስ?
የረሳ ሰው እንኳ ጃንጥላውን ቢጥልም
ዝናብ ያስታውሰዋል፣ ተመልሶ አያጣም።
የዘነጋ ግን፣ ጃንጥላው በብብቱ፣
እየተበሰበሰ ይደርሳል ከቤቱ።
ይማም ሁለቱንም አይደለም፤
ደብተሩ ቢርስበት በቃሉ ያውቃል
የማን ቆጣሪ ሮጧል፣ የማንስ ቧንቧ ያለቅሳል፣
በየትኛው ባልቴት ደጅ ስንት ወር እንዳለ
መርፌው ካንድ ቁጥር ንቅንቅ ካላለ።

ታዲያ ለምን ዘገየ?
አንድ ቁጥር ለማንበብ ሰባት ሰላምታ አለ፤
«እንዴት ከረማችሁ፣ ከብቱስ፣ ልጁስ ዳነ ወይ፣
ዝናቡስ ጠቀማችሁ?» ይህን ሳይል ቁጥር ያይ?
እማማ ጦይባ ደጅ ጀሪካን ያነሳል፣
ዱዓው ተጀምሮ በግማሽ መች ያልፋል?
ሮቢት ላይ እርጋታ የሚሉት እርምጃ
ቢሮ ሲደርስ ሆነ የጥፋት ማስረጃ።

መስኮት ላይ ነሆለልኩ። ጉም ገባ፣ ጉም ወጣ።
ወረቀቱን መሳቢያ ዶልኩት፣ ቃሉ እስኪመጣ።

ነገ እጨርሳለሁ። ነገ ሰኞ ሆነ፣
ሰኞም ወር ወለደ፣ ዓመት ተከደነ።
አለቃው ረስቶት ኮምቦልቻ ወርዷል፤
እኔ ግን አልረሳሁም፤ ማየቱ ለምዶኛል፤
መሳቢያውን እስባለሁ፣ አየዋለሁ፣ እዘጋለሁ።
ለዚህስ ቃል ነበረ፤ አውቀዋለሁ፣ እሸሻለሁ።

በአራተኛው ዓመት፣ ይማም ጡረታ ሲወጣ፣
በመሰናበቻው ቀን ከጠረጴዛዬ መጣ።
ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን ጠራርጎ
አነበበው ቀስ ብሎ፣ ጣቱን ከሥር አድርጎ፣
የሰረዝኳቸውን ጭምር።
ሳቀ፤ «ይህ ሁሉ ስም ለኔ!
ዳተኛን ምነው ዘለልከው፣ ምን ሆነብህ ወገኔ?»

ዳተኛ፦ ሥራውን የሚያውቅ፣ ጉልበትም ያልጎደለው፣
ልቡ «ተነስ» ሲለው እግሩ «ቆይ» የሚለው።

ጆሮዬ ጋለ።
እሱ ግን ወረቀቱን አጥፎ ቆም አለና፣
«ቀን የለውም እኮ፤ ቀኑን ሙላበትና
ማኅተም ምታልኝ፤ ለልጆቼ ላሳያቸው።»

«እሺ» አልኩት፣
«ነገ።»